ክቦቹ የሚገናኙበት ቦታ

ክፍሉ ቀድሞ የሲሚንቶ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን አቧራ ነው፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ በገባው ቀጭን ብርሃን ውስጥ ግራጫ አቧራ ይንሳፈፋል። ቀጥሎ እግሮች አየሁ። ስምንት ሴቶች ብሎኬቱን ተደግፈው፣ እግራቸውን ወደ መሐል ዘርግተው ተቀምጠዋል። መስኮት የለም። ከኋላዬ በሩ ተዘጋና ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሲዞር ሰማሁ። ያን ጊዜ ያሰብኩት እንግዳ ነገር ነው። ይህ ግድግዳ ብረት የለውም፣ ብሎኬት በብሎኬት ላይ ተደርድሮ ብቻ ነው የቆመው አልኩ በልቤ። እንዲህ ያለውን ነገር መመልከት ያስለመደኝ ባለቤቴ ነው።

ባለቤቴ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመዘግቡ መሣሪያዎችን የሚንከባከብ ቴክኒሽያን ነበር። የወሩን ግማሽ በረሃ ያሳልፋል፤ ሲመለስ የሞነጫጨረውን ወረቀት ጭኖ ይመጣል። የእጅ ጽሑፉን ከእኔ በቀር የሚያነብ አልነበረም። እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፤ ፊደሌ ጥሩ ነው። ስለዚህ የተማሪዎቼን ደብተር አርሜ ስጨርስ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብዬ ቁጥሮቹን በንጹሕ ወረቀት እገለብጥለታለሁ፤ ካርታዎቹንም በስስ ወረቀት አንስቼ እስልለታለሁ። እሱ ሻዩን እየጠጣ ያብራራልኛል። ብዙውን ጊዜ የማዳምጠው በግማሽ ጆሮ ነበር። ዛሬ ይቆጨኛል።

የደኅንነት ሰዎቹ የመጡት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጎፋ ወዳለው ቤታችን። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ፍንዳታ ተሰምቶ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በጥርጣሬ ያይ ነበር። አራት ናቸው። ጨዋዎች ነበሩ፤ አንደኛው ምንጣፉን ላለማቆሸሽ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ገባ። ቤቱን አልበረበሩም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካርታ አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ «የማን ጽሑፍ ነው?» አሉኝ።

«የእኔ» አልኩ። ጽሑፉ በእርግጥ የእኔ ነበር።

ስድስት ቀን ማንም አልጠራኝም። መጠበቁ ከሁሉ ይከብዳል። ቁልፍ በተንኳኳ ቁጥር ዘጠኛችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን፤ የሌላዋ ስም ሲጠራ እፎይ እላለሁ፣ ወዲያው ደግሞ አፍራለሁ።

የክፍሉ አለቃ እማማ የምንላቸው ሴትዮ ነበሩ። የላፍቶ ሰው ናቸው፤ ከአባታቸው በወረሱት መሬት ላይ ላም አርብተው ወተት ይሸጡ ነበር። ልጃቸው የት እንደተደበቀ ተጠይቀው አላውቅም በማለታቸው ነው የታሰሩት። እግራቸው አብጦ ጫማ አያስገባም። ስለ እግራቸው አንድም ቀን አላወሩም። የመኝታ ተራ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ዘጠኝ ሰው በዚያ ወለል ላይ መተኛት የሚችለው ሁሉም በአንድ ጎኑ ከሆነ ብቻ ነው፤ አንዷ ጎኗ ሲደነዝዝ እማማ «ዙሩ» ይላሉ፣ ዘጠኛችንም አብረን እንዞራለን። በቀኜ ያለችው ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ በራሪ ወረቀት ተገኝቶባት ነው። ስትፈራ ትቀልዳለች። ብዙ ነበር የምትቀልደው።

በሰባተኛው ቀን ተጠራሁ።

መርማሪው ከእኔ በዕድሜ ያንሳል። ደረቱ የተከፈተ ሹራብ ለብሷል፤ ጥፍሮቹ ንጹሕ ናቸው፤ ድምፁን አያነሳም። ከኋላው ግድግዳ ላይ ትልቅ የአገሪቱ የመንገድ ካርታ ተለጥፏል። እኔ የገለበጥኩትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ክቦች አሉ። የአንዱ መሐል አዲስ አበባ፣ የሁለተኛው አዋሳ፣ የሦስተኛው ድሬዳዋ ነው። ሦስቱ የሚነካኩት ከመተሐራ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው።

«እዚህ ማን ነው የሚገናኘው?» አለኝ።

«ማንም አይገናኝም።»

«ከሦስት ከተማ ሦስት መስመር ተነስቶ እዚህ ይገናኛል። ርቀቱ ተጽፏል። ሰዓቱ እስከ ሴኮንዱ ተጽፏል። አጠገቡ የባቡር ሐዲድ አለ፣ ድልድይ አለ። ማንም አይገናኝም ትይኛለሽ?»

«መሬቱ የተንቀጠቀጠበት ቦታ ነው። መነሻው።»

ጣቱን ከወረቀቱ አነሳ። «ይህን ተቀምጦ የሚለካ ሰው አለ?»

«አለ።»

«ደሞዝ እየተከፈለው?»

«አዎ።»

እንዳላመነኝ ገባኝ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም የማምን አይመስለኝም።

«ባልሽ ዓርብ ከመስክ ይመለሳል አሉ» አለ። «ስንቅ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ እሱን እንጠይቀዋለን።»

እዚህ ላይ ነው እውነተኛው ፍርሃት የያዘኝ። በዚያ ቦታ ስንቅ የሚያመጣ ሰው በር ላይ ስሙን ያስመዘግባል፣ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ዘበኛው ፊት ይቀምሳል፣ ከዚያ ባዶ ዕቃ እስኪመለስለት ይጠብቃል። ባዶው ዕቃ ከተመለሰ እስረኛው በሕይወት አለ ማለት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ያመጣችልኝ ጎረቤቴ ነበረች። ባለቤቴ ግን ከመጣ ማንም አያስቀረውም። በቀድሞው መንግሥት አሥራ አራት ወር ታስሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብርድ ቀን በበትር ነው የሚሄደው፤ በር ተዘግቶበት እንቅልፍ አይወስደውም። ሁለተኛ ቢገባ እንደማይወጣ አውቅ ነበር፤ እሱም ያውቀዋል፣ ተነጋግረንበት አናውቅም።

«እሱን ምን አገባው» አልኩ። «የሳልኩት እኔ ነኝ። ስሌቱም የእኔ ነው።»

በሕይወቴ ያን ያህል ትልቅ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም።

መርማሪው ወረቀቱን አጠፈው። «ጥሩ። ሐሙስ እዚሁ ተቀምጠሽ ሌላ ትስይልኛለሽ። ካቃተሽ ዓርብ በሩ ላይ ሰው አቆማለሁ።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ ነገሩን ለእማማና ለተማሪዋ ነገርኳቸው።

«ታውቂዋለሽ?» አለች ተማሪዋ።

«ገልብጬዋለሁ።»

«እኔም ፈተና ገልብጬ አውቃለሁ፣ ቲቸር። ጥያቄው ሲቀየር ነው ችግሩ።»

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ፣ ምሳ ዕቃዎቹ ሳይመጡ፣ ከበታቻችን አንድ ነገር ገጨን። የጭነት መኪና አጥሩን የመታው መሰለኝ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ወለሉ ወዲያና ወዲህ መሄድ ጀመረ። ቆርቆሮው ተንኳኳ። ከብሎኬቶቹ መሐል አሸዋ እንደ ውኃ ወረደ። ሁላችንም እየተደነቃቀፍን ወደ በሩ ሄድን፤ በሩ ተቆልፏል። በእጃችን መታነው። ከውጭ የዘበኞቹ ጫማ ሲሮጥ ሰማን፤ ወደ እኛ አልነበረም፤ ወደ ሜዳው ነው። ድምፁ እየራቀ ሄደ። አንዲት ሴት «እግዚኦ» ማለት ጀመረች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። እኔ ግድግዳውን አየሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። ምናልባት አሥር ሴኮንድ ነው የቆየው። የቁልፉ ቀዳዳ ቅርጽ መዳፌ ላይ ታትሞ ቀረ።

መሬቱ ካረፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ዘበኛ መጥቶ በሩን በዱላ መታ። «ምንድን ነው ጩኸቱ? አድማ ነው?»

«እኛ አይደለንም» አለች ተማሪዋ። «አድማውን የጀመረችው መሬት ናት፣ እሷን ጠይቃት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መሐል ስንት ሴኮንድ ነበር?» አለችኝ።

«አልቆጠርኩም።»

«እና ምን ስትሠሪ ነበር?»

«በር ስመታ።»

ከዚያች ቅጽበት በፊት ማንም ያልሳቀበት ክፍል ነው፤ እማማ እንኳ ሳቁ። ከዚያ «መሬቷ ጎኗን ለወጠች» አሉ። «አባቴ እንዲያ ነበር የሚሉት። አንድ ጎኗ ሲደነዝዝ ትገለበጣለች።»

ከእውነቱ ብዙ የራቀ አልነበረም። ያን ከሰዓት የነገርኳቸው ባለቤቴ ሻይ እየጠጣ የነገረኝን ነው። የመሬት የላይኛው ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም፤ እንደተሰበረ ገል ነው። ስባሪዎቹ በጣም በዝግታ ይንቀሳቀሳሉ፣ ጥፍር በሚያድግበት ፍጥነት። የእኛ አገር ቅርፊት ስምጥ ሸለቆው ላይ ወዲያና ወዲህ እየተጎተተ ነው፤ ምሥራቁ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ ምዕራቡ ወደ ኋላ ይቀራል። አለቱ ግን ወዲያው አይለያይም። ተያይዞ ይቆያል፣ ይወጠራል፣ ዓመታት ይችላል። አንድ ቀን ከመሬት በታች ብዙ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ በአንድ ስንጥቅ በኩል፣ መቻል ያቆማል። እኛ የምንሰማው ያን ነው።

«እዚያ ታች የሆነው እዚህ እንዴት ይደርሳል?» አሉ እማማ። «ድንጋዩ እኮ አልመጣም።»

ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን እንድንቀመጥ አደረግኩ። ከዳር ያለችውን ሴት በቀስታ ገፋኋት። ግፊቱ ከትከሻ ወደ ትከሻ አልፎ ግድግዳው ዘንድ ያለችው ተማሪ ጋ ደረሰ፤ ማንም ግን ከቦታው አልተነሳም። የመጀመሪያው ሞገድ ይህ ነው አልኳቸው፤ የሚገፋው፣ ፈጣኑ። ከዚያ ዳር ላይ ያለችው ሴት ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንድትወዛወዝ አደረግኩ፤ መወዛወዙ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲተላለፍ ዘገየ። ሁለተኛው ይህ ነው፤ ቤት የሚያፈርሰው። ሁለቱ አንድ ላይ ይነሣሉ፣ ግን አንድ ላይ አይደርሱም። ቦታው ከራቀ መሐላቸው ያለው ጊዜ ይረዝማል። ሴኮንዱን ከቆጠርሽ ርቀቱን ታውቂያለሽ፤ አቅጣጫውን ግን አታውቂም። ስለዚህ በርቀቱ ልክ ዙሪያሽን ክብ ትስያለሽ፤ በክቡ ላይ የሆነ ቦታ ነው። ሌላ ከተማ ያለው መሣሪያም የራሱን ክብ ይስላል። ሦስት ክቦች የሚነካኩበት ቦታ አንድ ብቻ ነው።

«ሴኮንዱን በስንት ነው የምታባዢው?» አለች ተማሪዋ።

በስድስት ነው በስምንት? በግማሽ ጆሮ የሰማሁት ሁሉ ያን ጊዜ ዋጋውን ጠየቀኝ። ዓይኔን ጨፍኜ የነገረኝን ሳይሆን የጻፍኩትን ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ከጆሮዬ ይልቅ እጄ ያስታውሳል ብዬ። አሥራ ስምንት። አጠገቡ አንድ መቶ አርባ አራት። ሠላሳ አራት፤ ሁለት መቶ ሰባ ሁለት። አካፈልኩት። ስምንት ነው። ወለሉ ላይ በጣቴ አቧራው ውስጥ ደግሜ ደጋግሜ ጻፍኩት።

ኮምፓስ እንደማይሰጡኝ ገምቼ ከነጠላዬ ጫፍ ክር መዘዝኩ። እማማ ክሩን ተቀብለው ሳቡት፤ ተለጠጠ። «በዚህ ክብ አይወጣም» አሉ። «ደርበሽ አክርሪው።» እሳቸው ጉልበታቸው ላይ እያከረሩ፣ እኔ ጫፉን ይዤ፣ የማይለጠጥ ሆኖ ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት መርማሪው የመንገድ ካርታውን ከግድግዳው አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶት ነበር። ከያዛቸው ወረቀቶች ሌላ መረጠ፤ ለእኔ ሳያሳይ ሴኮንዶቹን ብቻ አነበበልኝ። አዲስ አበባ ሃያ። አዋሳ ስምንት። ድሬዳዋ ሃምሳ አንድ።

ማስመሪያና እርሳስ ጠየቅኩ፤ ሰጠኝ። አባዛሁ። በካርታው ግርጌ አንድ ሴንቲ ሜትር ሃያ ኪሎ ሜትር መሆኑን አየሁ። ክሩን በስምንት ሴንቲ ሜትር ለክቼ አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ በአውራ ጣቴ ጫንኩ።

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አለ። «የለመደ ሰው እጅ አይንቀጠቀጥም።»

«እርስዎ ፊት የለመደም ይንቀጠቀጣል።»

የአዲስ አበባውን ክብ ጨረስኩ። የአዋሳው ትንሽ ነው፤ ቶሎ አለቀ፤ ሁለቱ ክቦች በሰሜን በኩል ሊነካኩ ተቃረቡ። የድሬዳዋውን ክር ስዘረጋ ክንዴ ካርታውን ሸፈነው። ቀስቱ ወደ ምዕራብ እየወረደ መጣ፣ ሁለቱ ወደተጠጋጉበት ቀረበ፣ እና አልነካቸውም። በሦስቱ መስመሮች መሐል የምስር ፍሬ የምታክል ሦስት ማዕዘን ቀረች።

መርማሪው ጎንበስ አለ። «አልተገናኙም።»

ስምንት አልነበረ ይሆን? ክሩ ተለጥጦ ይሆን? ባለቤቴ በትሩን ይዞ በሩ ላይ ሲቆም ታየኝ። ከዚያ አንድ ቀን ስስ ወረቀቱን ተሸክሜ የሄድኩበት ትዝ አለኝ፤ ካርታህ ተሳስቷል፣ ክቦቹ አልገጠሙም ብዬው ነበር። የሰጠኝን መልስ ቃል በቃል ለመርማሪው ነገርኩት።

«ልክ አይገናኙም። መሬት ሁሉ ቦታ አንድ ዓይነት አይደለችም፤ ሞገዱ በአንዱ በኩል ይፈጥናል፣ በሌላው ይዘገያል። ልክ ከተገናኙ የሆነ ሰው ቁጥሩን አስተካክሎታል ማለት ነው።»

ይዞት የነበረውን ወረቀት ገልብጦ አየ። እዚያም ላይ፣ በእኔ እጅ፣ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ነበረች። ወደ ትልቁ ካርታ ተመለሰ። ጣቱን ማዕዘኗ ላይ አድርጎ ረዘም ላለ ጊዜ አየ።

«ይህ እኮ ሐይቅ ነው» አለ። «ላንጋኖ።»

«ነው።»

«ሐይቅ ውስጥ ነው የሚገናኙት?»

«እኔ ሰው ይገናኛል አላልኩም።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እርሳሱን አነሳ፣ አስቀመጠ። ሲናገር ድምፁ ሌላ ነበር። «እናቴ ዝዋይ ናት። የጭቃ ቤት ነው ያላት፣ ብቻዋን። ትናንት የተሰማው እንደገና ይመጣል? መቼ ነው የሚመጣው?»

ይህችን ቅጽበት ብዙ ጊዜ መልሼ አይቻታለሁ። በዚያ ክፍል አላውቅም ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት የእማማ እግር ነግሮኛል። ከዚያም በላይ፣ አውቃለሁ ብል ምን እንደማገኝ ገብቶኝ ነበር። መሣሪያው ይነግረናል፣ ባለቤቴ ቀድሞ ያስጠነቅቅዎታል፣ እሱን አይንኩት ብል ያምነኝ ነበር። ዓይኑ ለማመን ተዘጋጅቷል። አንድ ጊዜ ስለ ባሌ ብዬ ዋሽቻለሁ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይከብድም። ግን አንዲት ብቻዋን የምትኖር ሴት በእኔ ውሸት ተማምና የጭቃ ጣሪያ ሥር ስትተኛ ታየኝ።

«አላውቅም» አልኩ። «ባለቤቴም አያውቅም። ከየት እንደመጣ ከመጣ በኋላ እናውቃለን፤ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው የለም። አውቃለሁ የሚልዎት ካለ አይመኑት።»

ቀና ብዬ ነው ያልኩት። በዚያ ክፍል አንገቴን ያላጎነበስኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እጁ ሲነሳ ፊቴን አዞርኩ፤ ደወሉን ሊነካ ኖሯል። ዘበኛው ገባ። በሩ ጋ ስደርስ ሳልዞር «እናትዎ መኝታቸውን ወደ በሩ ያስጠጉ» አልኩ። «ከራስጌያቸው ከባድ ዕቃ አይስቀሉ። የምናውቀው ያን ያህል ነው።»

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት ጆሮዬን ጣልኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ስሜ ተጠራና ምሳ ዕቃ ገባልኝ። ምስር ወጥ ነው፤ አሯል። ባለቤቴ ራሱ እንደሠራው አወቅኩ። አንድ ጥግ ላይ ማንኪያ ገብቶበታል፤ የቀመሰበት ነው። ዕቃው እንዲመለስ ወጡን እማማ ሳህን ላይ ገለበጥነው፤ እኔ ግን መብላት አልቻልኩም። ግርግር፣ ሩጫ፣ የወደቀ በትር ድምፅ እጠብቃለሁ። የእለቱ ባዶ ዕቃ አመላላሽ ተማሪዋ ነበረች። ቶሎ አልተመለሰችም። ተመልሳ ስትገባ ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን።

«ሄደ» አለች። «በእግሩ፣ ማንም ሳይዘው። ምሳ ዕቃውን ጨብጦ።» ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች። «ዘበኛውን ምን እንዳለው ታውቂያለሽ? ‹ይህን በር ቀን ቀን ክፍት ብታደርጉት ምናለበት፣ መሬቱ ሰሞኑን ደህና አይደለም› አለው።»

«ዘበኛውስ?»

«‹አባቴ፣ ይሄ እስር ቤት ነው› አለው።»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። እማማ ያረረውን ምስር ለዘጠኝ ከፋፈሉት።

ከሁለት ወር በኋላ ያለ ክስ ተለቀቅኩ። ለምን እንደታሰርኩ ማንም አልነገረኝም፤ ለምን እንደተፈታሁም። ስለ ክቦቹ ለባለቤቴ ስነግረው አዳመጠኝና «ድሬዳዋ ላይ ሃምሳ አንድ ነው ያለሽ? ሃምሳ አንድ ተኩል መሆን ነበረበት» አለ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ፣ ረጅም ጊዜም ቆየ።

ባለፈው ዓመት አረፈ። በአልጋው ላይ፣ በሩ ክፍት ሆኖ። አሁን ያለሁት ለቡ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። የነገሮችን ምክንያት የሚያውቅ ሰው አይፈራም የሚሉ አሉ። እኔ ከየት እንደሚነሣ አውቃለሁ፣ እንዴት እንደሚመጣም አውቃለሁ፣ እፈራለሁም። በቅርቡ ሕንጻው ሲወዛወዝ እንደ ሰው ሁሉ በነጠላ ጫማ ወደ ታች ወረድኩ። ጎረቤቴ፣ ገና የወለደች ልጅ ናት፣ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልላ አጥሩ ሥር ቆማ ነበር። የባለቤቴን ሥራ ሰምታለች መሰለኝ ወደ እኔ መጣች። «እማማ፣ ይደግማል?» አለችኝ።

እንደማላውቅ ነገርኳት። ከዚያ ሕፃኗን ተቀበልኳትና ከአጥሩ ራቅ ብለን፣ ሰማይ በሚታይበት መሬት ላይ ተቀመጥን።